ያ ጌም መጨረሻ አለው

ባለፈው ሳምንት ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን ያለ ጆሮ ማዳመጫ ከፍቶ ለተሳፋሪው ሁሉ ያሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አልወድም። አስጠፋልኝ ብዬ ለረዳቱ ልናገር አፌን ስከፍት ግን ከስልኩ ውስጥ አንዲት ቀጭን ዜማ ወጣች፤ ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ከዚያ ልታበቃ ስትል እንደ ክር ብጥስ አለች። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ያቺን ዜማ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ልጁን እስኪ ከመጀመሪያው መልሰው ብለው፣ ይቻላል ማዘር አለኝ። ማዘር መባሌን ለሌላ ቀን አቆየሁለት። በስልኩ ላይ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ሰውዬ በመዳፉ አንዲት ቢጫ የእጅ ጌም ይዞ ይለፈልፋል። ይህን ጨዋታ ማንም አያስታውሰውም፣ ሳይታወቅ ያለፈ ዕንቁ ነው፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ካገኛችሁት እንዳታልፉት እያለ ይመክራል። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ድምፁን ግን አወቅኩት። ኤርሚያስ ነው፤ የአከራያችን የእትዬ ዘነበች ልጅ። በልጅነታችን ኮልፌ ነበረን አለ፤ የማን ሆና ነው «ነበረን» የሚለው ስል፣ ጨዋታው መጨረሻ እንደሌለውና ውበቱም እሱ እንደሆነ ማብራራት ጀመረ። ከዚያ ሳቀ። «ሰፈራችን ዳዊት ቀደዳ የሚባል ልጅ ነበር፤ መጨረሻውን አይቻለሁ ብሎን እርፍ!» አለ። ጎረምሳውም አብሮት ሳቀ። ፌርማታዬ ገና ነበር፤ ግን ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ።

ዳዊት ወንድሜ ነው። ጌሙም የእኛ ነበር።

አባዬ መርካቶ ሰልባጅ ይሸጥ ነበር። ቦንዳ ሲፈታ ከየኮቱ ኪስ የማይወጣ ነገር የለም፤ የሰው አገር መሐረብ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ ነጠላ ጓንት፣ አንዳንዴም የደረቀ ከረሜላ። እኛ ቤት ኪስ መፈተሽ የልጆች ሥራ ስለነበር፣ ካፖርቱ ሁሉ የሰው ላብና የብል መድኃኒት እየሸተተ አፍንጫችን ውስጥ ይሰነብታል። አንድ ቀን ዳዊት ከአንድ የሴት ካፖርት ኪስ ያቺን ቢጫ ጌም አወጣ። ካርቶን የላትም፣ መመሪያ የላትም፣ የተጻፈባት ፊደልም የእኛም የፈረንጅም ያልሆነ ነው። ስም አጥተንላት «ተሸካሚው» አልናት።

እንግዲህ ኤርሚያስ የነገራችሁ ግማሹን ስለሆነ፣ ግማሹም የሰው ስለሆነ፣ እኔ በደንብ ልንገራችሁ። ሸክም ያዘለ ሰው ከጀርባው ይታያል፣ ተራራ ይወጣል፤ ጨዋታው ይኸው ነው። ጠላት የለው፣ ተኩስ የለው፣ ነጥብ የለው። ነፋስ ከግራም ከቀኝም ይመጣል፣ እናንተ በአውራ ጣት ሰውየውን ወደ ነፋሱ ዘንበል ታደርጉታላችሁ። በመንገዱ ላይ አልፎ አልፎ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ስትደርሱ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ከተጫናችሁ ሸክሙን አውርዶ ይቀመጣል፣ ያቺ ዜማም ትመጣለች፣ ሳታልቅም ትቋረጥና ሰውየው ይነሳል። ማረፍን የናቀ ሰው ግን ከፍ ሲል ጉልበቱ ይክደዋል፣ ተንከባሎ ከሥር ይገኛል። ዳዊት ይህንን ማንም ሳይነግረው ገባው፤ ምክንያቱም በደጃችን የሚያልፉት ተሸካሚዎች የእኛ አጥር ግንብ ጋ ሲደርሱ ሸክማቸውን አስደግፈው እንዴት እንደሚያርፉ ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ ነበር።

ኤርሚያስ የራሱ ጌም ነበረው፣ ያ ጡብ ከላይ የሚዘንብበት፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያብድለት። የእኛንም እየተዋሰ ይሞክራታል። ሰውየውን ያሳረፈበት ቀን ግን የለም። አውራ ጣቱን እንደ ልብስ ስፌት መኪና እያጣደፈ ሰውየውን ሽቅብ ይነዳዋል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ ኤርሚያስም ጌሟን ሶፋ ላይ ወርውሮ ይሄ የገበሬ ጨዋታ ነው ይላል። እስከ ተራራው ወገብ እንኳ ደርሶ አያውቅም። ዛሬ ዕንቁ ነው የሚለው ይኸው ሰው ነው።

ትልቁ ችግራችን የባትሪ ድንጋይ ነበር። እኛ ቤት ድንጋይ መጀመሪያ የሚገባው ለእማዬ ሬዲዮ ነው፣ መንፈሳዊ ስብከት ትሰማበታለች። ሬዲዮው መንሾካሾክ ሲጀምር ወደ አባዬ የእጅ ባትሪ ይዛወራል፤ እሱም ብርሃኑ የሽንኩርት ልጣጭ ሲመስል ለእኛ ይወርዳል። እኛ ደግሞ በጥርሳችን ነክሰነው ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ እናስመታዋለን፣ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። አፌ ውስጥ እስከ ዛሬ ያ ኮምጣጣ የብረት ጣዕም አለ።

አንድ ክረምት ሁለታችንንም ጆሮ ደግፍ ያዘን። እሁድ ነበር። እማዬ አገጫችንን በሻርፕ ጠፍራ፣ ግንባራችን ላይ እጇን ጭና ጸለየችና ከአባዬ ጋር ቸርች ሄደች። ጌሟ የራሷ መብራት ስለሌላት በሩን ገርበብ አድርገን፣ በብርሃኑ ስንጥቅ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ተጠጋግተን ተቀመጥን። ውጭ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የኮልፌ ጭቃ ሽታ በበሩ ይገባል፣ ዳዊት ያሳርፋል፣ ያነሳል፣ ዘንበል ያደርጋል። እኔ እንዳላደናቅፈው ትንፋሼን ውጬ ነበር። ድንጋዩም ያን ቀን ብቻ እንደ ተአምር ጸናልን። ከዚያ መንገዱ አለቀ። ሰውየው ድንጋይ በሌለበት በራሱ ጊዜ ሸክሙን አወረደና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባውን ብቻ ያየነው ሰውዬ ዞሮ አየን። ፊቱ ሁለት ነጥብና አንዲት ሰረዝ ነበር። እጁን አነሳልን፤ ዜማዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቋረጥ እስከ መጨረሻዋ ሄደች። ወዲያው ስክሪኑ ባዶ ሆነና ሰውየው ሸክሙን እንዳዘለ ከተራራው ሥር ታየ። ዳዊት ሻርፑ ውስጥ እያለ አለቀሰ። እኔ ደግሞ መንጋጋዬ እያመመኝ ሳቅኩ።

በሽታው ሲለቀን ዳዊት ለግቢው ልጆች ቧንቧው አጠገብ ነገራቸው። ኤርሚያስ አላመነም፤ ራሱ ያልደረሰበት ቦታ ለእሱ ዓለም ላይ የለም። በሰፈራችን ደግሞ ክርክር የሚያልቀው በአንድ መንገድ ነው።

«እናቴ ትሙት በል» አለው።

እኛ የጴንጤ ልጆች ነን። እማዬ ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን እያለች ያሳደገችን፣ ሌላው ልጅ በየደቂቃው የሚምለውን መሐላ እኛ ብናወጣው አፋችንን በሳሙና የምታጥብ ሴት ነበረች። ኤርሚያስ ግን በእናቱ ሳይምል ውሃ አይጠጣም። እትዬ ዘነበች በቀን ስንቴ እንደሚሞቱ እግዜር ይወቀው፣ በብይ ይሞታሉ፣ በኳስ ይሞታሉ፣ ልጃቸው በሰረቀው ሸንኮራ ይሞታሉ፤ ዛሬም ጤናቸው የተሟላ ነው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ኤርሚያስ ግቢው መካከል ቆሞ እናቴ ትሙት መጨረሻ የለውም አለ። ልጆቹ ወደ ዳዊት ዞሩ። ዳዊት አየሁ እንጂ አልምልም አለ። በቃ፣ ተፈረደበት። እኔ አብሬው አይቻለሁ ብዬ ብጮህ የእህት ምስክርነት አይቆጠርም ተባልኩ። «ዳዊት ቀደዳ»፣ ውሸታሙ ዳዊት፣ የሚለው ስም የወጣው እዚያው ቧንቧው ሥር ነው።

ዳዊት እንደገና ወጥቶ ሊያሳያቸው ክረምቱን ሙሉ ታገለ። ግን ድንጋዩ ከተራራው ወገብ አያሳልፈውም፣ ከመስቀል በፊትም ከንክሻና ከፀሐይ ብዛት ፈሳሽ አውጥቶ የጌሟን ሆድ በልቶ ገደላት። እማዬ ጋ ሄጄ አለቀስኩባት፤ አንዴ ብቻ ይማል፣ ለእውነት እኮ ነው አልኳት። እውነት መሐላ አያሻትም አለችኝ። ቃሏ ያምራል፣ ቸርች ውስጥ ቢሰበክም አሜን ያሰኛል፤ እኛ ግቢ ግን ሐሰት ነበር፣ በዚህ ነገር እናቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ስም ቀላል ነገር የሚመስለው ስም ያልወጣለት ሰው ነው። የእትዬ ዘነበች መስኮት ሲሰበር ኤርሚያስ ምሎ ዳዊት ነው አለ፣ ዳዊት ሳይምል አይደለሁም አለ፣ የተገረፈው ዳዊት ነው። ትምህርት ቤትም ስሙ ቀድሞት ደረሰ፤ እጁን ሲያወጣ ክፍሉ ገና ሳይናገር ይስቃል። እጁን ማውጣት ተወ። ቀስ በቀስ ንግግሩን ሁሉ በ«እኔ እንጃ» የሚጀምር ልጅ ሆነ፣ ጎልማሳ ሆኖም አልተወውም። ሚስቱ የቱ ቀለም ይሻላል ስትለው እኔ እንጃ፣ ሐኪም የቱ ጋ ነው የሚያምህ ሲለው እኔ እንጃ።

ከታክሲው እንደወረድኩ መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩለት። አስኮ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ከኋላ ብረት ሲቆረጥ ይሰማኛል። ኤርሚያስ በአገር ፊት ውሸታም እንዳለው፣ እኔ ግን ዝም እንደማልል፣ ሁለታችን አንድ ላይ ቀርበን ያየነውን እንደምንናገር ሳልተነፍስ ነገርኩት። ስጨርስ፣

«አየሁት እኮ፤ የሱቁ ልጆች አሳዩኝ፣ ሳቅን» አለኝ።

«ምኑ ያስቃል? መጨረሻውን አይተናል እኮ ዳዊቴ።»

«ኧረ ተይኝ እህቴ። ቀድጄ ነው መሰለኝ ያኔ።»

አብሬህ ነበርኩ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ ሰውየው ዞሮ እጁን አንስቶልን፣ አንተ አልቅሰህ አልኩት። ሊያስታውስልኝ ከልቡ እንደሞከረ ከትንፋሹ ያስታውቃል።

«ትኩሳት ነበረን እኮ» አለኝ፤ ከዚያ ደንበኛ መጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጣዬን የት እንደማደርገው አላውቅም። ኤርሚያስ ጌማችንን የራሱ አስመስሎ ማውራቱ፣ እሺ፣ ይውሰዳት፤ ዕቃ ናት፣ የሞተች ዕቃ። ወንድሜን የሰፈር መሳቂያ ማድረጉንም ምናልባት ዕድሜ ያስረሳኝ ነበር። ግን አንድ ልጅ በገዛ ዓይኑ ያየውን፣ በሱ ሰበብ የተገረፈበትን፣ ስሙን ያጣበትን ነገር፣ ቀስ እያሉ ከውስጡ ነቅለው ወስደውበታል፤ ሲወስዱበትም አልተሰማውም፣ ዛሬም አብሯቸው ይስቃል። ኤርሚያስን የምጠላው ለዚህ ነው፤ ጥላቻዬንም በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው አልፈልግም።

እናንተ ግን ምክሩን ስሙ፤ አንዴ እንኳ እውነት ተናግሯል። ያቺን ቢጫ ጌም ካገኛችኋት እንዳታልፏት። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ግዙላት፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጡ፣ አትቸኩሉ፣ ድንጋዩ ጋ በደረሳችሁ ቁጥር ሰውየውን አሳርፉት። ከላይ ደርሳችሁ ዞሮ ሲያያችሁ፣ ለእኔ ለመንገር እንዳትደክሙ፤ እኔ አይቻለሁ። አስኮ ሂዱና ለወንድሜ ንገሩት።