በሌላ ስም ያስመዘገብኩት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ነፍስ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ሁለቴም ስለ ሐሜትና ስለ ጾም መሻር አውርቼ ተነስቻለሁ። ሐሜት ቀላል ነው፣ ሁሉም ያማል። የሰው ልጅ የኔ ነው ብሎ የልጁን ምግብ መብላት ግን ምን ተብሎ ይነገራል? እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ዘሃራ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። ከጀልዴሳ የመጣች፣ ባሏ ትቷት የሄደ፣ ሳቢያን ሰፈር ሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። አብዲ የሚባል ዓመት ከምናምን የሆነው ልጅ ነበራት። ጠዋት እኔ ጋ አስቀምጣው ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትወስደዋለች። ለዚህ ምንም አልተቀበልኳትም። የግቢው ሰው "ብርቄ እኮ አንጀቷ ሩህሩህ ነው" ይለኝ ነበር። እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

ያኔ ባለቤቴ የሚነዳው ባጃጅ የሰው ነበርና ባለንብረቱ ሸጦበት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እኛ ቤት በቀን አንዴ ነው የሚበላው። ትንሿ ልጄ ሜሮን ሲርባት አታለቅስም። የግድግዳውን ኖራ በጥፍሯ እየፋቀች ትልሳለች። አንድ ሐሙስ አንጀቴ አልችል ሲለኝ እሷን በእጄ ይዤ፣ አብዲን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሲስተሯ አዲስ ናት፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለባትን መለኪያ የሜሮን ክንድ ላይ ጠመጠመችና፣ "ቢጫ ናት። አልሚ ምግቡ የሚሰጠው ቀይ ላይ ለደረሱት ነው። እቤት እንቁላልም ወተትም ጨምሪላት" አለችኝ። እንቁላልና ወተት! እሱ ቢኖረኝ እሷ ጋ ምን ወሰደኝ? ልወጣ ስል ዓይኗ ጀርባዬ ላይ አረፈ። አብዲን አስወርዳ ለካችው። ቀይ።

"ይሄም ልጅሽ ነው?"

"አዎ" አልኩ።

ማንም አልገፋፋኝም። እኔ ነኝ አዎ ያልኩት። ስሙን ስትጠይቀኝ አንገቴ ላይ ያለው ማተብ ትዝ አለኝና አቤል አልኳት። ካርድ ወጣለት፤ የሳምንት አልሚ ምግብ በፌስታል ተሰጠኝ። መንገዱን ሁሉ ማታ ለዘሃራ እነግራታለሁ እያልኩ ሄድኩ። ማታ መጣች። ልጇን አቅፋ ጎኑን ዳሰሰችና፣ "ብርቄ፣ ይሄ ልጅ ከሳብኝ አይደል?" አለችኝ።

"ጥርስ እያበቀለ ነው አቦ፣ ያልፍለታል" አልኳት።

አልነገርኳትም። በማግስቱም አልነገርኳትም። በቀን ሦስት ፓኬት ይብላ የተባለው ልጅ ከእጄ የሚያገኘው አንድ ነበር። የቀረውን ሜሮንና ታላቅ ወንድሟ ይበሉታል። እኔም ቀምሻለሁ፤ የኦቾሎኒው ጣዕም ጣፋጭ ነው። ሲስተሯ በየሳምንቱ እየመዘነችው "ኪሎው ለምን አይጨምርም? ለሌሎቹ ታካፍያለሽ እንዴ?" ስትለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ በማርያም ምዬላታለሁ። አሥር ሳምንት እንዲህ አደረግኩ። ሜሮን ግድግዳ መፋቅ ተወች። ክንዷ ሥጋ ያዘ። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የአብዲን ክንድ ግን እያየሁ አላየሁም ነበር። እናት ነኝ እያልኩ ራሴን ሳጽናና፣ ዘሃራስ ምን ነበረች?

በአሥራ አንደኛው ሐሙስ ዘሃራ ልጁን እኔ ጋ አላመጣችውም። አሠሪዎቿ መንገድ ሄደዋል አሉ። ካርዱን ይዤ፣ ልጁ አሞት ተኝቷል ልል ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ የሲስተሯ ጩኸት ተቀበለኝ። ዘሃራ መሐል ላይ ቆማለች፤ አብዲን ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች።

"ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ እኮ! አቤል ነው። የሰው ልጅ ተውሰሽ መጥተሽ ምግብ ልትወስጂ ነው?"

"ኢልማ ኮቲ" ትላለች ዘሃራ፣ "ልጄ ነው፣ ወላሂ የኔ ልጅ ነው።"

ሲስተሯ አየችኝ። "ይኸው እናቱ መጣች!"

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። አብዲም አየኝና ሁለት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ጣፋጩን የማበላው እኔ ነኛ! አንዷ ሴት "ልጅ አይዋሽም" አለች። ያኔ መናገር እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ሲስተሯ ልጁ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የኔ ነው አልኩ። የእናቱ ዓይን እያየኝ የኔ ነው አልኩ።

ሲስተሯ ግን ጠረጠረች መሰለኝ፣ ካርዱን ከእጄ ወሰደችው። "ካልተስማማችሁ ለቀበሌ አስተላልፈዋለሁ። እስኪጣራ ለማናችሁም ምንም አልሰጥም" አለች።

ዘሃራ ካርዱን አየችው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ምግብ አየች፣ እኔን አየችኝ። ሁሉም ነገር ገባት። ከዚያ ልጇን ከደረቷ አላቅቃ አቀበለችኝ።

"የሷ ነው" አለች። "እኔ ነኝ የዋሸሁት። ስጫት፣ ልጁ ይብላ።"

ሴቶቹ ሰደቧት። እኔ ካርዱንና ፌስታሉን ተቀበልኩ።

የደቻቱ ድልድይ ላይ ጠብቃ ልጇን ከእጄ ወሰደች። ትጮህብኛለች፣ ትቧጭረኛለች ብዬ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብቻ ነው ያለችኝ። አሥር ሳምንት ልላት አፌን ከፈትኩ። "ካለፈው ሐሙስ ነው፣ ዛሬ ልነግርሽ ነበር" አልኳት። አመነችኝ ወይስ ማመን ፈለገች? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሌላ ሰው ስላልነበራት በማግስቱም ልጁን እኔ ጋ አስቀምጣ ወደ ሥራ ሄደች። ሐሙስ ሲሆን በራፌ ላይ ቆማ "ልጅሽን ውሰጂው" ትለኛለች። ስመለስ ፌስታሉን እሰጣታለሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሰጠኋት ብላችሁ ደስ ባለኝ። እንደዚያም ሆኜ ሦስት አራቱን ለሜሮን አስቀር ነበር።

ከወር በኋላ ቤት ኪራይ ሲከብዳት ወደ እናቷ ወደ ጀልዴሳ ልትመለስ ተነሳች። አብዲ ገና አላገገመም። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ከነበረበት እንዲቀጥልለት ካርዱንና የማዛወሪያ ወረቀት ጠየቀችኝ። ካርዱን ብሰጣት አሥራ አምስቱም ሐሙስ እየተቆጠረ ተጽፎበታል፤ አንድ የሚያነብላት ሰው ይበቃ ነበር። ካርዱ ጠፋብኝ አልኳት። ፍራሼ ሥር ነበር። ልጇን አዝላ፣ በጠዋት፣ ባዶ እጇን ሄደች። ካርዱን በዚያው ቀን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ሜሮን ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ናት ይሉኛል። በተመሰገነች ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ፤ እሷ ታፍርብኛለች ብላ ሳይሆን አይቀርም የምታስበው።

ተርቤ ነው አልላችሁም። ዘሃራም ተርባ ነበር፤ እሷ ግን የሰው አልነካችም። ጀልዴሳም ሩቅ ነው አልልም። መኪና በየቀኑ ይሄዳል፤ ረዳቱ ሲጣራ እሰማዋለሁ፣ በአጠገቡም አልፋለሁ። ልጁ ሞቶ ከሆነ መስማት ፈርቼ ነው የማልሄደው ስል ኖሬ ነበር። አሁን ስጽፈው ግን ውሸት መሆኑ ታወቀኝ። ሞቶ ከሆነ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አለቅሳለሁ፣ የሚጠይቀኝም የለም። እኔ የምፈራው በሕይወት ኖሮ እናቱ ስትጠይቀኝ አሥር ሳምንት ማለትን ነው። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም።