ስካይዌይ፣ የአራሷ ቤት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሊንዳ ሻንጣ አስረከበችኝ፤ የሕፃን ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ሜትር፣ ጓንት። ሻንጣው ባዶ ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ከሥሩ ወረቀት ይነጠፋል አለችኝ። ከሰው ቤት ምግብ አይቀመስም ብላም አስጠነቀቀችኝ። ይቺ ሴትዮ የአበሻ አራስ ጠይቃ አታውቅም አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ በሰው አገር ከተማ፣ ከሌክ ሲቲ ሰፈር እስከ ሬኒየር ቫሊ ያላንኳኳሁት በር የለም ማለት ይቻላል። አራስና ጨቅላ በየቤቱ እየዞርኩ የማይ ነርስ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ እችልበታለሁም።

አንድ ቀን ስካይዌይ የሚባል ሰፈር፣ ሄለን የምትባል አራስ ቤት ሄድኩ። ሊያርሷት ከአዲስ አበባ የመጡት እናቷ እማማ አልማዝ፣ ልጁን ዓይን እንዳይበላው ብለው መጋረጃውን ሁሉ ዘግተዋል። ልጁን ልየው ስል ተኝቷል አሉኝና ገንፎ አቀረቡ። እምቢ ብል እንደማያሳዩኝ ስለገባኝ በላሁ። በኋላ ለሊንዳ ራሴ ነገርኳት፤ ተቆጣች፣ ምክንያቱን ስትሰማ ግን አለፈችኝ።

እየበላሁ ሳለ እማማ አልማዝ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሌሊት የማቅፈው እኔ ነኝ፤ የዚህ ልጅ እንቅልፍ አላማረኝም። ጡቱን ሳይስብ ጭልጥ ይላል።»

«እማዬ፣ ቤቢ ሁሉ ይተኛል እኮ። ኦኬ ነው» አለች ሄለን።

«እማማ፣ እርስዎ እንዳቀፉት ብርሃን ላይ ልየው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አማትበው መጋረጃውን ራሳቸው ገለጡት።

የልጁን ግንባር በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩ። ቢጫ ነው። ደረቱም፣ ሆዱም፣ የዓይኑ ነጭም እንደዚያው። ደንግጫለሁ፤ ፊቴ ላይ ግን አላስነበብኩም። ቢጫው ሲበዛ አንጎል እንደሚጎዳ፣ አሁኑኑ ከሄድን ግን እንደሚታከም ነገርኳቸው። ሄለን አለቀሰች። እኔ ለሆስፒታሉ ስደውል ባሏ መኪናውን አስነሳ።

ልጁን ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት። ቢጫው እየለቀቀው ሄደ፤ ጡቱንም አጥብቆ መሳብ ጀመረ። ዶክተሩ በጊዜ አምጥታችሁታል ሲል እማማ አልማዝ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ።

«እርስዎ ነዎት ያተረፉት ይላል» ብዬ ተረጎምኩላቸው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ትርጉም የምኮራበት የለም።

ለጀማሪ ነርሶች የምለው ይህንኑ ነው፦ ሌሊት ልጁን የሚያቅፈው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መጀመሪያ የምታናግሩት እሱን ነው።