የዛሬ ቀን የተጻፈበት ፎቶ

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት በጥቁር ቀሚሷ ላይ አበባማ ሹራብ ደርባ እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። ፎቶ አንሺው የስልኳን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተሩ እየገለበጠ፣ ዘመዶቿ በያሉበት ኢንተርኔት ላይ ወደሚያዩት የቤተሰብ አልበም ይጭንላታል።

"የከሳችበትን እለፈው። ይቺ በረንዳ ላይ የሳቀችዋ ትሁን፤ ቀኑን ግን የዛሬ አድርግልኝ፣ የኔ ወንድም።"

"ለምን፣ እትዬ? ፎቶው የአምና ነው እኮ።"

"እናቴ ካረፈች ወር ሆናት። ውጭ ያለችው እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ እስክትወልድ አትስማ ተባብለን በየሳምንቱ አንድ ፎቶ እንጭንላታለን።"

ክው አልኩ። አበስኩ ገበርኩ! የሞተ ሰው በየሳምንቱ ከመቃብር እየተጠራ በረንዳ ላይ ይስቃል እንዴ? ምን ዓይነት ዘመድ ነው ይህን የመከረው? የልጅቷን እንባ ቀምተው ሲያበቁ ነገ "ላንቺው ብለን ነው" ሊሏት!

ፎቶው እንደተጫነ ስልኳ ጮኸ። እህቷ ከሥሩ የጻፈችውን ሴትየዋ ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

"እማዬ ዛሬ አምሮባታል! ድምጿ ግን ናፈቀኝ።"

ስክሪኑን በአውራ ጣቷ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ወደ ፎቶ አንሺው ቀና አለች።

"የተቀዳ ድምፅስ መጫን ይቻላል?"