በማላውቀው ሕግ ከለከልሁ

ዛሬ ደባርቅ ላይ አንዲት ጀርመናዊት እንግዳ በእኔ ቃል ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ዝናብ ሲወርድባት ቆመች።

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ጀርመንኛ የምትማረው ልጄ ናት።

ሴትዮዋ ለሁሉም ነገር «ዳርፍ ኢሽ?» ትላለች፤ ይፈቀድልኛል ወይ ማለት ነው። ጫማ ላውልቅ? ፎቶ ላንሳ? ጥያቄው ሰለቸኝ። «ቁርስ በልቻለሁ፤ ግቢው ውስጥ መግባት ይፈቀድልኛል?» ስትል የምታስተረጉመውን ልጄን «አይፈቀድም በያት» አልኋት።

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ሽበቴን አታዪም?»

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ፣ «ግቢው ለበላም ላልበላም ነው፤ እንግዳዋን ማን ከለከላት?» ሲሉ መሬት መሬት አየሁ።

እሷ ግን ሕጉን ስለነገርኋት በእርጥብ እጇ ጨብጣ አመሰገነችኝ። እውነቱን ሳልነግራት ለጎንደር ተሳፈረች።

አላውቅም ማለት አቃተኝ። እናንተስ እንዲህ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ልጄ ታነብልኛለች።