የዶን አብዶን ዝናብ

ኤደልሚራ ኦያርሱን በቺሊዋ ቫልዲቪያ ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ያለውን፣ የመምህራኑ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ሰርቨር ከተረከበች ወዲህ ለማንም አድልታ አታውቅም። ለመምህራኑ ሁሉ እኩል የማከማቻ ድርሻ ሰጥታለች። ከዚያ ውስጥ አንዱ ፎልደር ለዓለም ክፍት ነው፤ የመምህሩ ገጽ የሚታየውም እዚያው ነው። የቀረው ዝግ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ ወደ ክፍቱ ፎልደር እንዲያልፍ፣ ዝግ የሆነውን ግን እንዳያይ አድርጋ ሰርቨሩን ያበጀችው ራሷ ናት። የፋኩልቲው ዲን ድርሻቸው እንዲጨመርላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ የልጅ ልጃቸውን ፎቶዎች ቢቀንሱ እንደሚበቃቸው ነገረቻቸው። ዲኑ ሰላምታቸውን ቀነሱ።

ዶን አብዶን ካርካሞ ሲሞቱ ግን እጇ ላላ። ሽማግሌው የከተማዪቱን ዝናብ ሲለኩ የኖሩ መምህር ነበሩ፤ ልኬቱንም ከወንዙ ፎቶግራፎች ጋር በገጻቸው አኑረውት ነበር። የገጠር አስተማሪዎች ያስተምሩበታል። ደንቡ የሟች የተጠቃሚ ስም ከነፋይሉ ከሰርቨሩ ይሰረዝ ይላል። እርሷ ስሙን ሰርዛ ፋይሉን ተወች፤ የገጹም አድራሻ እንዳይጠፋ ሰርቨሩን አስተካከለች። ርኅራኄ መስሏት ነበር። ግማሽ ሥራ ግን ርኅራኄ አይባልም።

የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት ጋስቶን ቬራ የተባለ ወጣት መምህር ተቀጠረ። የመጀመሪያ ገጹን ሊጭን ቢሞክር ድርሻው መሙላቱ ተነገረው። ካፖርቱ ውኃ እያንጠባጠበ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

«ሴኞራ ኤደልሚራ፣ ገና ማዕዱ ላይ ሳልቀመጥ በልተህ ጨርሰሃል እየተባልኩ ነው።»

«ምን ጭነው ነው?»

«ምንም። ያለኝ ዝናብ ብቻ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ዝናብ።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ማሽኑ ባለቤትን የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ስሙ ሲሰረዝ የተለቀቀውን የሟቹን ቁጥር ለአዲሱ መምህር ሰጥቶታል፤ ወጣቱም ሳያውቅ ንብረቱን ከነሸክሙ ወርሷል።

«ልሰርዘው ነበር፤ የሰው ነገር መሰለኝና ተውኩት» አለ ጋስቶን።

«የሰው ነው።»

«እንግዲያው ለእኔ ትንሽ ይጨምሩልኝ። ዲኑ አይሰሙም።»

«እኔ እሰማለሁ» አለች።

ብትጨምርለት ለዲኑ የከለከለችውን መስጠቷ ነው፤ ብትሰርዘው ዝናቡ ይጠፋል። ጋስቶን ሲወጣ የራሷን ድርሻ ከፈተች። አብዛኛው የሰበካዋ መዘምራን ድምፅ ቅጂ ነበር፤ ብቻዋን የዘመረችባቸውም ነበሩበት። ሌላ ግልባጭ አልነበራቸውም። አንዱን እንኳ ሳታዳምጥ ሰረዘቻቸውና የዶን አብዶንን ፋይሎች ከራሷ ድርሻ እንዲታሰቡ በራሷ ቁጥር አስመዘገበች። ጋስቶን በማግስቱ ገጹን ጫነ። ገጹ ላይ የነበረው የገዛ ውሻው ፎቶ ነው።

ይህን ትልቅ በጎነት ማለት ይከብዳል፤ ያቃናችው ራሷ ያጣመመችውን ነው። ጥፋቷን ሌላ ሰው እንዲሸከመው አለማድረጓ ግን አይካድም።

የመዘምራኑ መሪ ዶን ኦሬስቴስ ቅጂዎቹን በጠየቋት ጊዜ ቦታ እንዳልነበረ ነገረቻቸው።

«ታዲያ አታስጨምሪም ነበር?» አሏት።

«የምጨምረው እኔ ነኝ» አለች። «ስለዚህ ለእኔ አልተጨመረም።»