በሰባቱም በር ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ሊሙ ገነት፣ ሐጂ ሙክታር የሚባሉ ሽማግሌ ሳሎን ቁጭ ብዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኝቻለሁ። ስሙኝማ...

እኔ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የቤት ፕላን እሠራለሁ። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት አልቆ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ስሪዲ አውጥቼ ለባለቤቱ አሳያለሁ። ከወር በፊት የሐጂ ልጅ ከማል መጣና «ብቻ አባቴን እሺ የሚያሰኝ ሥዕል ሥሪልኝ» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሐጂ የጭቃ ቤት ዘሟል፤ የዘንድሮን ክረምት መቻሉን እንጃ። ከማል በብሎኬት ሊሠራላቸው ተዘጋጅቷል። እሳቸው ግን አሻፈረኝ ብለዋል።

«አባቴ እዚህ በር ላይ ቆሞ ነው መንገደኛ ሲጠራ የኖረው። ቤቱን ላፍርሰውና አባቴን የት ላቁመው?» ይላሉ አለኝ።

በቃ ገባኝ። አዲሱ ቤት የድሮውን በር መልበስ አለበት። ለማታውቁት... ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ቤት መጀመሪያ እንደ ካርቶን ባዶ ነው። የእውነተኛ እንጨት ወይም ድንጋይ ፎቶ ይገባና እንደ ልብስ ይለብሳል፤ ቴክስቸር የምንለው እሱን ነው። አንዱን በር ካለበስኩት ፕሮግራሙ ሌሎቹን ራሱ ያለብስልኛል። ሲመች እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

ለከማል ደወልኩና «ሐሙስ በሩን ፎቶ ላነሳ እመጣለሁ» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!

ሐሙስ ስደርስ የስንት ዘመን የዋንዛ በር አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። የሐጂ ባለቤት እማማ ዘሃራ ጣቶቻቸው አረንጓዴ ሆነው አጠገቡ ቆመዋል።

«ፎቶ ይነሳል ሲሉኝ እንዲያው እንዴት ላሳይሽ? ሰውስ ለፎቶ ልብሱን ይቀይር የለም እንዴ?»

«በጣም ያምራል እማማ» አልኩ... የመጣሁለት እንጨት ከቀለሙ ሥር ቀርቶ። ሐጂ ደግሞ በሩ ከተቀባ ወዲህ በፊት ለፊት አልገባም ብለው በጓሮ ነው የሚወጡት የሚገቡት። ሰላም እንኳን ያሉኝ በመስኮት ነው።

ከማል አዘነልኝ መሰለኝ ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አንድ የደበዘዘ ፎቶ አወጣ። አያቱ ናቸው፣ የሐጂ አባት። ለዒድ ነጭ ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። በሩም ያው የድሮው በር፣ ቀለም ያልነካው!

ጅማ ተመልሼ ፎቶውን ስካን አደረግኩት። ሰውየውን ቆርጬ አወጣሁ፣ እንጨቱን አስቀረሁ፣ አስገባሁ፣ የቤቱን ሰባት በሮች አለበስኩ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ እንደገና ከመሄዱ በፊት ብዬ ተጣድፌ አተምኩት። ደግሜ አላየሁትም። ጥድፊያ ሥራዬን ሊያበላሽብኝ እንደሆነ ማን በነገረኝ!

ቅዳሜ ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ከኋላቸው ቆሞ የሚያየው ከማል ድንገት ክንዴን ቆነጠጠኝ። አየሁ... ክው አልኩ። በሰባቱም በር ጠርዝ ላይ የሰው እጅ አለ! ሰውየውን ሳወጣ እጃቸውን በሩ ላይ ትቼዋለሁ።

ሐጂ በጣታቸው ከበር ወደ በር ሄዱ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ እጅ የማን ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ... የአባትዎ ነው። ከፎቶው ላይ ሳላጠፋው ቀርቼ ነው።»

«ኩሽናውም ላይ አለ?»

«አዎ፣ ኩሽናውም ላይ።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«እ... እሱም ላይ አለ ሐጂ።»

ከማል ፊቱን ሸፈነ። የሐጂ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ ስደነግጥ ለካ ሳቅ ነው!

«ያ አላህ! አባቴ እኮ በዕድሜው ኩሽና ገብቶ አያውቅም!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኛም ተከትለን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ እንባው ግን አልቆመም። መዳፋቸውን ዋናው በር ላይ ባለችው ትንሽ እጅ ላይ አሳርፈው ቆዩ። እኔም አላስቻለኝም፣ አለቀስኩ።

«የሌሎቹን አጥፊ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የዋናውን ግን ተይልኝ። እንግዳ የሚጠራው በዋናው በር ነው።»

ወደ ከማል ዞሩ። «ከክረምቱ በፊት ጀምሩት። በሩን አዲሱ ቤት ላይ ግጠሙልኝ። መጀመሪያ ግን ያንን አረንጓዴ ነገር ፍቁልኝ!»

«ሰምቻለሁ!» አሉ እማማ ዘሃራ ከጓዳ።

ስድስቱን እጅ አንድ በአንድ ለማጥፋት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አስተካክዬ ላክሁ።

ትናንት ደግሞ ሥራውን የያዘው አናጢ ሥዕሉን ይዞ ደወለ። «እህቴ፣ ዋናው በር ላይ ያለው እጅ ከምን ይሠራ? ከእንጨት ነው ከብረት?»

«አንተ በሩን ብቻ ግጠም» አልኩት። «ሰውየው ቦታቸውን ያውቁታል።»