ባቡሩም ወንዙም የሚሄዱበት ከተማ

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ስልካቸው ላይ የባሕር ፎቶ እያሳዩኝ፣ «እማዬ፣ ጅቡቲ ሄደሽ ነበር አሉ፤ እስቲ ንገሪን» አሉኝ። አዎ፣ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ለሦስት ቀን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ተደበላልቀውብኛል፤ ሙቀቱ ይሆናል ያቀለጣቸው። የመጀመሪያው ቀን ግን እንዳለ አለ።

ያደግኩት አዋሽ ነው። አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ድልድዩ ዘንድ ይወስደኝና ባቡሩ ከላይ፣ ወንዙ ከሥር ሲያልፉ ያሳየኛል። «ሁለቱም ጅቡቲ ነው የሚሄዱት፤ ባቡሩ ይቀድማል እንጂ» ይለኝ ነበር። ሲቀልድ ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሳለ ሊታጠብ ወረደ፣ በዚያው ውኃ ወሰደው። ጀናዛው አልተገኘም።

ሰው አባቱ ሲሞትበት የሚሄድበት ቀብር አለው። ይቆማል፣ ሰላምታ ያቀርባል፣ ዱዓ ያደርጋል። እኔ የት ልቁም? ወንዝ እኮ ዞር ስትሉ ሌላ ውኃ ነው። እና በልጅ ልቤ አንድ ነገር ያዝኩ፤ ባቡሩ የሚሄድበት አገር እሄዳለሁ፣ ውኃው ባሕር የሚገባበት ቦታ ቆሜ አባቴን ሰላም እለዋለሁ አልኩ። አድጌ፣ አግብቼ፣ ሰመራ ወርጄም አልተወኝም። ዱብቲ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ በጥጡ እርሻ በኩል ወንዙን አየዋለሁ። «ሂድ፣ እከተልሃለሁ» እለዋለሁ በሆዴ። ካርታ አይቼ አላውቅ፤ ከዚያ ወዲያ በየት እንደሚዞር ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አንደኛዋ ወሎዬ ናት፤ ምግብ ቤት አላት፣ ሾፌሮቹ ከወጧ ይልቅ ለምላሷ ነው የሚመጡት። ሁለተኛዋ አፋር ናት፣ ጎረቤቴ፤ መጀመሪያ ወተት ታመጣልኝ ነበር፣ በኋላ ልጆቻችንን አብረን አሳደግን። ስለ አባቴ የነገርኩት ለሁለቱ ብቻ ነው። ወሎዬዋ እህቷ ጅቡቲ ትኖራለችና አንድ ቀን እንዲህ አለች፦ «በሉ ተነሡ። አንቺ አባትሽን ሰላም በይ፣ እኔ እህቴን፤ ይቺ ደግሞ እኛ እንዳንጠፋ ትጠብቀን።» አፋሯ ጓደኛዬ ያን ቀን ምንም አላለች። እሷ እንደሆነች ዝምታዋ ብዙ ነው፤ ልብ አላልኩትም።

ሰርዶን አልፈን፣ ገላፊ ጠረፍ ላይ ከከባድ መኪናዎቹ ሰልፍ ጎን ቆመን ማህተም ተመታልን፤ ሲመሽ ጅቡቲ፣ የወሎዬዋ እህት ቤት ገባን። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ከተማውን ልናይ ወጣን።

ምን ልበላችሁ፣ በእንቅልፍ ውስጥ እንደ መሄድ ነበር። አየሩ ጨው ጨው ይላል። ነጫጭ ቤቶች፣ ከሥራቸው ቅስት ቅስት ያለው በረንዳ፤ ከአንዱ ጥላ ወጥታችሁ ሌላው ጥላ ውስጥ ትገባላችሁ። ቁራው ብዛቱ! የሴቶቹ ቀሚስ ስስ ስለሆነ ነፋስ ይሞላዋል፤ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። ወሎዬዋ ቆማ አየቻቸውና «እኔ ያንን ብለብስ ወደብ ድረስ ነፋስ ይነዳኛል» አለች።

«አንቺን?» አለች አፋሯ። «አንቺን ክሬን ነው የሚያነሳሽ።»

ብዙ አልሄድንም። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ አለ፤ ታውቃላችሁ፣ ያየውንና የሰማውን ወሬ ቆሞ ይለዋወጣል። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ መንገዱ እንዴት ነው። ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው የሚነግረው፤ በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው አይደለም። ይቺ ጓደኛዬ ታዲያ በየማዕዘኑ አንድ አፋር እየገጠማት ትቆማለች። ግማሽ ቀን ሙሉ አራት መንገድ አላቋረጥንም።

«ይቺ ሰው ከተማ ልታይ ነው የመጣችው ሕዝብ ልትቆጥር?» አለች ወሎዬዋ።

«አንቺ ፎቁን እዪ። ፎቁ አይመልስልሽም» አለቻት።

ከቀትር በኋላ የዕለቱ ጫት ገባ፣ ሰዉ ሊቅም ቤቱ ተከተተ፣ ከተማውም ዝም አለ። ሱቅ ተዘጋ፣ መንገዱ ለኛና ለቁራዎቹ ቀረ። ጥላ ለጥላ እየሄድን ባሕሩ ዳር ወጣን።

ባሕሩ የለም።

እውነቴን ነው። እስከ ሩቅ ድረስ ጭቃ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ጭቃ፤ ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተውበታል። ውኃው ጥግ ላይ እንደ ክር ቀጥኗል። ባሕር እንደሚሸሽና እንደሚመለስ ማን ነግሮን። በጋ ላይ እንደሚደርቅ ወንዝ ደረቀ ብዬ ነው ያሰብኩት። ባሕሩ ዳር ያለው ግንብ ላይ ተቀመጥኩ።

«እህቴ ሳትጠርገው አልቀረችም» አለች ወሎዬዋ። «ከልጅነቷ ጀምሮ ጽዳት ላይ ናት።» ከዚያ ፊቴን አይታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄን ያዘችኝ። «አብሽሪ። ይኸው አንድ ሽማግሌ አሉ። አዋሽ በየት በኩል እንደሚገባ እጠይቃቸዋለሁ።»

ግንቡ ሥር መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። ወሎዬዋ ልትነሳ ስትል አፋሯ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። «እኔ እጠይቃለሁ። አፋር ናቸው።»

ሄዳ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ዳጉ ነውና ረዘመ። ቋንቋውን ከገበያ ቃል በቀር አልሰማም፤ አዋሽ ስትል ግን ሰማኋት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በእጃቸው ወደ ኋላ፣ እኛ ወደ መጣንበት አገር አሳዩዋት። እሷ ደግሞ በዝግታ ሌላ ነገር ነገረቻቸው። ዘወር ብለው አዩኝ፣ ቆይተው አዩኝ። ከዚያ መረቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ተመልሳ መጣች።

«ምን አሉ?»

«ባሕሩ ከዐስር ሶላት በፊት ይመለሳል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

«አዋሽስ?»

አይኔን አላየችም። ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። «እዚህ ነው» አለች። «እዚህ ቁሚ።»

ጠበቅን። ውኃው ሲመጣ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ጭቃው ላይ ያለው ብርሃን ወፈረ፣ ከዚያ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ፣ ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው፣ ቀና ቀና አሉ። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ለብ ያለ ነው። ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ «አሰላሙ ዐለይኩም አባቴ» አልኩት። ባቡሩ እንደቀደመው ነገርኩት፤ እኔ ግን ከሁለቱም ዘግይቼ እንደመጣሁ። ስንት ልጅ እንደወለድኩ፣ እናቴ እንዴት እንዳረፈች ነገርኩት። አላለቀስኩም። ዱዓ አደረግኩ። ጓደኞቼ ከኋላዬ «አሚን» ሲሉ ሰማሁ፤ ሽማግሌውም መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር። ያን ዕለት የተኛሁትን እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼው አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያቺ አፋር ጓደኛዬ አረፈች። ለቅሶው ላይ ታላቅ ወንድሟ ከገጠር መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ደግነቷን ስንናገር፣ አዋሽ ባሕር የሚገባበት ቦታ ወስዳ አባቴን ሰላም እንዳስባለችኝ ነገርኩት፤ በዳጉ ጠይቃ ነው ያገኘችልኝ አልኩት። ሰውየው የያዘውን ሲኒ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ በለሆሳስ፣ አዋሽ ባሕር ደርሶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ በረሃው ውስጥ አቤ የሚባል ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል። እህቱም የተወለደችው እዚያው ሐይቅ ዳር ነው።